ስለ ቤት አየርና ስለ ሻጋታ ዘር

በክረምት በመሶብ የተቀመጠ እንጀራ በጥቂት ቀን እንደሚሻግት የማያውቅ የለም። ሻጋታው ከወዴት መጣ ቢባል ግን ብዙ ሰው ከእንጀራው ከራሱ የወጣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሻጋታ እንደ እንጉዳይ ያለ ሕያው ነገር ነው፤ ዘሩም ከሰው ጠጕር 20 እጅ ያህል የቀጠነ ስለ ሆነ ሳይታይ በነፋስ ይዞራል።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1860 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይህን ፈትኗል። የፈላ መረቅ ያለባቸውን የታሸጉ ጠርሙሶች በየስፍራው ከፍቶ መልሶ ዘጋቸው። በገጠሩ ሜዳ ከ20 ጠርሙስ 8 ተበላሸ፤ በዡራ ተራራ ላይ 5፤ በረዶ ባለበት በአልፕስ ከፍታ 1 ብቻ። በዚህም የሚያበላሸው ዘር በአየር እንጂ በመረቁ እንዳልነበረ ታወቀ።

በዐዲስ አበባ ይህ ነገር በአራዳ፥ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፥ በቆዩት የጭቃ ቤቶች ይታያል። ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ በየገጠሩ ያለው ቤት ግን አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ ከሥሩም የተወጠረ አቡጀዲ ነው። በግድግዳውም ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል። ባለቤቱ ይህን ለጌጥ ሲያደርግ ሳያውቀው ለሻጋታ ግብር አበላ፤ ጭዱም ወረቀቱም ሙጫውም ምግቡ ናቸውና። የጎደለው ውኃ ብቻ ነው፤ እርሱንም ክረምት ያመጣዋል። አሸንዳ ከሌለ ጠፈጠፉ የግድግዳውን እግር ያርሳል። የድስትና የእርጥብ ልብስ እንፋሎትም ሌሊት ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሲደርስ ውኃ ሆኖ በአቡጀዲው ላይ ይንጠባጠባል። ከተማይቱ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ ሰው ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ይዘጋል፤ ከጣራው ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ይደፍናል።

ግድግዳው ደረቅ በሆነበት፥ መስኮቱም በሚከፈትበት ቤት የሚገኘው ዘር አብዛኛው ከደጅ የገባ ነው። ግድግዳው ከራሰ ግን ቤቱ ራሱ ዘሪ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት በሚኖሩ ሰዎች ላይ አስምና የመተንፈሻ ሕመም እንደሚበዛ አስታውቋል። ከሁሉ የሚያሠጋው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የዳነ ሰው ነው፤ በሽታው በሳንባው በተወው ጕድጓድ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ሊያድግ ይችላልና። ሳሉና ደም መትፋቱ ነቀርሳው የተመለሰ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በሐኪም መመርመር ይገባዋል።

ዘሩን ከቤት ማገድ አይቻልም፤ ውኃውን ማገድ ግን ይቻላል። አሸንዳና ቦይ ማበጀት፥ ዝናሙ ሲያባራም በርና መስኮት መክፈት ያሻል። ደጁም እርጥብ ነው፥ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውኃ ጥቂት ነው፤ ወደ ቤት ገብቶ ሲሞቅ እርጥበቱን ተሸክሞ ይወጣል። ቤቶች ጀርባ ለጀርባ በተጣበቁበት ሰፈር መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ስለሚገኝ፥ የጣራውን ሥር ክፍተት አለመድፈን ነው። ግድግዳውን ለማድረቅ ብሎ ከሰል አንድዶ ቤት መዝጋት ሰው ይገድላል። የሻገተ ወረቀት ተልጦ ይጣል እንጂ ለዘመን መለወጫ አዲስ ጋዜጣ አይደረብበት። ሻጋታውም በደረቅ መጥረጊያ ከተጠረገ ዘሩ ስለሚበተን፥ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፥ ግድግዳው ሲደርቅ ኖራ ይቀባ።

አስተማሪው ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት በአንድ ክዳን ባለው ጠርሙስ ድርቆሽ፥ በሌላው ትኩስ እንጀራ ያኑር። ሁለቱም የአንድ ክፍል አየር ነክቷቸዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የሚሻግተው ግን እርጥቡ ነው። የሻገተው ጠርሙስ በክፍል ውስጥ እንዳይከፈት ይጠንቀቅ።