የቢስክሌት ኮርቻ ቁመት

የበቅሎ ኮርቻ ልክ ካልሆነ የምትቆስለው በቅሎዋ ናት። የቢስክሌት ኮርቻ ልክ ካልሆነ ግን የሚጎዳው ነጂው ራሱ ነው። ከሁሉ በፊት የሚታመመው ጉልበቱ ነው። በቋንቋችን ጉልበት ማለት የእግር መታጠፊያ ነው፤ ኃይልም ማለት ነው። ጉልበቱ የታመመ ገበሬ ማረስም ማጨድም ይቸግረዋል። ስለዚህ ቢስክሌት የገዛ ወይም የተዋሰ ሰው ገበያ ከመሄዱ በፊት ኮርቻውን ይለካ።

ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይገፋል። ነጂው ቶሎ ይደክመዋል። ውሎ አድሮም ጉልበቱን ከፊት በኩል ያመዋል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ እግር ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ይንጠራራል። ዳሌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ሕመሙም ከጉልበት በስተኋላ ይሰማል።

አንዳንድ ሰው «ተቀምጬ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ካልረገጡ እወድቃለሁ» ይላል። ለጀማሪ እውነት ነው። ሚዛን መጠበቅ እስኪለምድ ድረስ ኮርቻውን ዝቅ ያድርግ። ከለመደ በኋላ ግን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያድርገው። መቆም ሲፈልግ ፍሬን ይዞ ከኮርቻው ወደ ፊት ይወርድና አንድ እግሩን መሬት ያሳርፋል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. ቢስክሌቱን ግድግዳ አጠገብ አቁሙ። አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ዘወትር የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ።

2. ኮርቻው ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አንዱን ፔዳል እስከ ታች መጨረሻ አውርዱ።

3. ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ካለና ዳሌያችሁ ካላዘነበለ ቁመቱ ልክ ነው። ጉልበታችሁ ከታጠፈ ኮርቻውን ከፍ አድርጉ። ተረከዛችሁ ካልደረሰ ዝቅ አድርጉት።

4. ስትነዱ በተረከዝ አትግፉ። ከጣቶቻችሁ በስተኋላ ባለው ሰፊ የእግር ክፍል ግፉ። ያን ጊዜ እግር ታች ሲደርስ ጉልበት በጥቂቱ ይታጠፋል። መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

በሒሳብም መለካት ይቻላል። በ1967 እ.ኤ.አ. ሐምሌይና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ይህን አጥንተዋል። ከብሽሽት እስከ መሬት ያለው ርዝመት በ109 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል፣ ታች ካለው ፔዳል እስከ ኮርቻው ጫፍ ያለው ልክ ይገኛል። ርዝመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 80 × 109 ÷ 100 = 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ኮርቻውን ለማንሣት ከሥሩ ያለውን ብሎን በመፍቻ አላሉ። ከዚያ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። በብዙ ቢስክሌቶች የኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸ ምልክት አለ። ምልክቱ ከቱቦው ውጭ ከታየ ዘንጉ ከመጠን በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ሊሰበርና ነጂውን ሊጥል ይችላል።

አንድ ቢስክሌት አባትም ልጅም የሚነዱት ከሆነ፣ የየራሳቸውን ልክ ዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ።

ጥያቄዎች

1. ኮርቻው በጣም ዝቅ ሲል ጉልበትን የሚያመው በየት በኩል ነው?

2. ስንለካ ፔዳሉ ላይ የምናደርገው የትኛውን የእግር ክፍል ነው? ስንነዳስ?

3. የእግራችሁን ርዝመት ለክታችሁ የኮርቻችሁን ቁመት አስሉ።