አብራሪው ሲደክም ማን ያያል?

ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች «ሁለት ፓይለቶች በረራ ላይ ተኙ» የሚል ወሬ ብናገኝ ዜናው እዚያው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ዜናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2024 የኢንዶኔዥያው ባቲክ ኤር ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን 153 መንገደኞች ጭኖ ከኬንዳሪ ወደ ጃካርታ ይበር ነበር። ካፒቴኑ ለረዳቱ ነግሮት ሸለብ አደረገው። ሲነቃ ረዳቱን ማረፍ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው አልፈልግም አለ፤ ካፒቴኑም ተመልሶ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ረዳቱንም እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ። ተቆጣጣሪዎቹ ቢጠሩ ቢጠሩ የሚመልስ ጠፋ፤ 28 ደቂቃ ያህል! ካፒቴኑ ሲባንን አውሮፕላኑ ከመስመሩ ወጥቷል። ደግነቱ በሰላም አረፉ። መርማሪዎቹ እንደጻፉት ረዳቱ ቤቱ የአንድ ወር መንትያ ሕፃናት ነበሩት፤ ቤትም የቀየረው በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ ይሄ ሰው ሰነፍ ነው ሊባል ነው?

የሰው ገላ የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ንቃታችን ከሁሉም ጊዜ ይወርዳል፤ ቡና ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ የደከመ ሰው የድካሙን መጠን በትክክል አለማወቁ ነው። ለዚህም ነው ፓይለቶች ድካማቸውን ከ1 እስከ 7 በቁጥር እየለኩ የሚያስመዘግቡበት አሠራር የመጣው። ቁጥሩ ከስንት ሰዓት ሥራና ከስንት ሰዓት እንቅልፍ ጋር ተያይዞ ሲታይ የትኛው የበረራ ፕሮግራም ሰው እንደሚጎዳ ያሳያል።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት ፓስፊክን ለሚያቋርጡ አብራሪዎች በተራ 40 ደቂቃ የዕረፍት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ፤ ካላረፉት ይልቅም ነቅተው ተገኙ። አውሮፓና ካናዳ ይህንን በደንብ ሲፈቅዱ፣ ጥናቱ የተሠራባት አሜሪካ ግን ለራሷ አየር መንገዶች እስካሁን አልፈቀደችም (ነገሩ ያስገርማል)። ሲፈቀድም ዝም ብሎ መተኛት አይደለም። አንዱ ብቻ ይተኛል፣ ሥራ በማይበዛበት ከፍታ ላይ፤ የበረራ አስተናጋጆች ይነገራቸዋል፣ በተወሰነ ሰዓትም ደውለው ያረጋግጣሉ። የነቃውም ወዲያው መሪ አይጨብጥም፤ የእንቅልፍ ድንዛዜው እስኪለቀው ይጠብቃል። ባቲክ ኤር ላይ የጎደለው ይሄ ነው፦ ሁለቱም ሲተኙ በሩን የሚያንኳኳ አልነበረም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2022 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 343 በረራ አለ። የውጭ የአቪዬሽን ዘጋቢዎች አብራሪዎቹ ተኝተው አውሮፕላኑ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ማኮብኮቢያውን አልፎ እንደሄደ ጻፉ። አየር መንገዱ በመግለጫው ከተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበርና አብራሪዎቹ ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ እንደታገዱ ገለጸ። እኔ ሪፖርተር ብሆን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላቆምም። አብራሪዎቹ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ስንት ሰዓት በረሩ? ስንቱን ሌሊት ሠሩ? ደክሞኛል ብሎ በረራ የተወ ፓይለትስ ምን ይደረጋል? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ደክሞኛል ማለት የሚያስቀጣ ከሆነ ማንም ከ1 እስከ 7 ካለው ቁጥር እውነተኛውን አይጽፍማ!