ጫት፣ ሯጭና የሽንት ምርመራ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ጫት እንግዳ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ብዙ ሰውም ይቅመዋል። ለሯጭ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህም በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አበረታች ቅመሞች አንዱ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ስፖርተኛው ይጠየቅበታል። ዋዜማውን የቃመው በማግስቱ ሽንቱ ላይ ሊታይ ይችላል። «ቅጠል ነው እንጂ መርፌ አልተወጋሁም» ማለት አያድነውም።

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በቁጥጥር ጉድለት ካስጠነቀቃቸው 5 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አገራችን ለዚሁ ሥራ የራሷን መሥሪያ ቤት አቋቁማለች።

ምርመራው እንዴት ነው? ሯጩ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ይሰጣል። የሚሸናውም ተቆጣጣሪ እያየው ነው። ያሳፍራል፤ ግን የሌላ ሰው ሽንት እንዳይቀርብ ሌላ መላ አልተገኘም። አንዳንዱ ቅመም ደግሞ በደም ይፈለጋል። ሽንቱ በሁለት ጠርሙስ ተከፍሎ ይታሸጋል። በአንደኛው የተገኘውን ሯጩ አላምንም ካለ፣ ሁለተኛው እሱ ወይም ወኪሉ ባለበት ይከፈታል። ስለዚህ የጠርሙሶቹንና የወረቀቱን ቁጥር ሳያመሳክር አይፈርም፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሌላ ዕቃ መጠየቅ ይችላል።