ግድግዳ ለምትፈልግ ወጣት ሠዓሊ

ልጄ፣ ሥራሽን ከጋለሪ አውጥተሽ መንገድ ላይ ልታቆሚ ማሰብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጥቂት ነገር ልበልሽ፤ የሚጠቅምሽን ያዢ፣ የቀረውን ተዪው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ።)

1. ቀለም ከመበጥበጥሽ በፊት ቦታው ላይ ዋዪ። የታክሲ ሰልፉ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የት እንደሚጠለል፣ ጉልት ሻጯ ቲማቲሟን የት እንደምትደረድር እዪ። ጋለሪ የሚገባው ሰው ሥዕል ፈልጎ ነው። መንገደኛው ግን ነይልኝ አላለሽም።

2. የቀራፂውን የሪቻርድ ሴራን ነገር አጥኚ። በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ባሉበት አደባባይ ላይ «ቲልትድ አርክ» የተባለ፣ 36 ሜትር ከምናምን የሚረዝምና ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ዘመም ያለ የብረት ግድግዳ አቆመ። አላፊው አካሄዱን እንዲያስተውል ፈልጎ ነበር። የቢሮ ሠራተኞቹ ግን መንገዳችንን ቆረጠብን አሉ። በ1985 ሸንጎ ተጠርቶ ከተናገሩት 180 ሰዎች 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ ቢሉም፣ በ1989 በሌሊት ተቆራርጦ ተነሣ። እኔ ሥራውን እወደዋለሁ። ነገር ግን በየቀኑ ምሳውን ሊበላ ሲወጣ ብረት እየዞረ የሚሄደውን ጸሐፊ እልኸኛ ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ አደባባዩ የእሱም ነው።

3. ፈቃድ ጊዜ ይበላል። ጥንዶቹ የጥበብ ሰዎች ክሪስቶና ዣን ክሎድ የበርሊኑን የፓርላማ ሕንፃ፣ ራይሽታግን፣ በጨርቅ ለመጠቅለል ያሰቡት በ1971 ነው፤ የጠቀለሉት በ1995። የጀርመን ፓርላማ ተሟግቶ በ292 ለ223 ድምፅ ፈቀደላቸው። ቆይታው ሁለት ሳምንት ብቻ! እንግዲህ ወረዳው «ነገ ተመለሺ» ቢልሽ አትማረሪ። የባለንብረቱን እሺታ ግን በቃል አትቀበይ፤ አስፈርሚ።

4. የግድ ፎቅ የሚያህል ግድግዳ አያስፈልግሽም። አይዳ ሙሉነህ በ2023 ዐሥራ ሁለት ፎቶግራፎቿን ያሳየችው በኒውዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን፣ ከ330 በሚበልጡ የአውቶቡስ መጠበቂያዎች ላይ ነው፤ መነሻዋም የጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነበር። ማስታወቂያ የሚሰቀልበትን ቦታ ነው የያዘችው። አውቶቡስ የዘገየበት ሰው ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።

5. ርካሽ ቀይ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ዝገቱን ፍቀሽ አንቲረስት ቀቢ።

6. ሊስትሮው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅሽ ሌክቸር አትስጪው። አንተስ ምን አየህ በዪው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። ቀኑን ሙሉ ሥዕልሽ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነውና ካንቺ በላይ ሳያየው አይቀርም።

7. ደላላ መጥቶ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ይለጥፍበታል። መለጠፉ አይቀርም። ተናደሽ ከመላጥሽ በፊት ስንት ሰው ቆሞ ስልክ ቁጥሩን እንደሚመዘግብ ተመልከቺ፤ በሚቀጥለው ሥራሽም ከታች አንድ ክንድ ያህል ባዶ ተዪላቸው።