የምታክመውን ማን ያክማታል? የገጠር ነርሶች የአፍና የጥርስ ጤና

ጥርሱን የታመመ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ነዋሪ ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ሁለቱም ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በለጋምቦ ወይም በአማራ ሳይንት ጤና ጣቢያ የምታገለግል ነርስ ግን ለአንድ ጥርስ ወደ ደሴ ለመምጣት ፈቃድ መጠየቅ፣ ተተኪ መፈለግና የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን ይኖርባታል። ከዚህም የተነሣ ሕመሙን ችላ መኖርን ትመርጣለች።

ይህ ዝምታ በእርሷ ላይ የተለየ አደጋ አለው፤ መድኃኒቱ በቅርቧ ነውና። ሲያማት ማስታገሻ ትወስዳለች፤ ሲያብጥ አንቲባዮቲክ ትጨምራለች። እብጠቱ ለጊዜው ይቀንሳል፤ የመግሉ ምንጭ ግን ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። ወደ መንጋጋ ሥርና ወደ አንገት ከተዛመተም የመተንፈሻን መንገድ እስከ መዝጋት ሊደርስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት የአፍ በሽታዎች 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ያጠቃሉ። አብዛኞቹን ግን መከላከል ይቻላል። በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱ ጥርስን ያሟሟል፤ ምራቅ ደግሞ ጉዳቱን ቀስ በቀስ ይጠግናል። ስለሆነም የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹም ይጎዳል። ሌሊቱን ሙሉ ጣፋጭ ሻይ እየደጋገመች የምትጠጣ ተረኛ ለጥርሷ የማገገሚያ ጊዜ አትሰጠውም።

እንግዲህ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1. ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ መቦረሽ፤ አንዱ ከመተኛት በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ አፍን በብዙ ውኃ አለመጉመጥመጥ።
2. የወይራ መፋቂያ ጥርስን ያጸዳል፤ የፍሎራይድ ሳሙናን ግን አይተካም።
3. በሌሊት ተረኝነት ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ወይም በውኃ መተካት።
4. ድድ ሲደማ ወይም ጥርስ በቀዝቃዛ ነገር ሲጠዘጥዝ፣ ሕመሙ ሳይጸና መታየት።
5. ፊት ካበጠ፣ መዋጥ ካስቸገረ ወይም አፍ አልከፈት ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ።

ይህ ሁሉ በነርሷ ጥረት ብቻ አይፈጸምም። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የጥርስ ሕመምን እንደ ማንኛውም ሕመም ቆጥረው ፈቃድ ሊሰጡ፣ ተተኪም ሊመድቡ ይገባል። ሕመሟን ችላ የምትሠራ ነርስ እንቅልፍ አጥታ የምታድር ናት፤ በማግስቱ የመድኃኒት መጠን የምትለካውም እርሷው ናት።

ለውይይት፦ በጤና ጣቢያችን አንዲት ነርስ ለጥርስ ሕክምና ብትሄድ በቦታዋ ማን ይተካል? መልሱን ዛሬውኑ በተረኞች ሰሌዳ ላይ እናስፍረው።