የጎማ ዳዶ የሚፈታ ቡሶላ

ጥያቄ፦ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። የኮሮላዬን ጎማ አልፎ አልፎ ራሴ እፈታለሁ። ለኤሌክትሪክ መፍቻ የሚሆን ርካሽ ቡሶላ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሙሉ ስብስብ አይግዙ። ለኮሮላ የጎማ ዳዶ ባለ 21 ሚሊሜትር፣ ረዘም ያለ አንድ ቡሶላ ይበቃዎታል። ጥቁሩን ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቀው ለእጅ የተሠራ ስለሆነ፣ እየመታ በሚያዞር ማሽን ተሰንጥቆ ፍንጣሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጥቁር ቀለም የተቀባም ስላለ ውስጡን ይዩ፦ ስድስት ማዕዘን ይሁን፣ ግድግዳው ይወፍር። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው የዳዶውን ጠርዝ ይበላል። ዳዶ ይዘው ሄደው ሱቁ በር ላይ ይለኩት፤ ከተወዛወዘ ይተውት። ሲያስሩ ግን ማሽኑን አስቀምጠው በእጅዎ፣ በተቃራኒ እያፈራረቁ ያጥብቁ። በሊማሊሞ በኩል የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ ደባርቅ ሲደርሱ፣ ሊማሊሞን ከመውረድዎ በፊት ደግመው ይፈትሹ፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ የላላ ዳዶ እጅግ ያስፈራኛል።