የስማርት ስልክ ማሻሻያ በጊዜው ስለ መድረሱ፤ አስመጪና ባለሱቅ ሊያውቁት የሚገባ

ማናቸውም ነጋዴ መድኃኒት ወይም የታሸገ ምግብ ሲገዛ አስቀድሞ የሚመለከተው የመጠቀሚያው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ነው። ስማርት ስልክ ሲገዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የካሜራውን ጥራት፣ የባትሪውን አቅምና ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ ስልክም ማብቂያ ቀን ያለው ሸቀጥ ነው፤ ይኸውም ሠሪው ኩባንያ የሶፍትዌር ማሻሻያ፣ በልማድ አፕዴት የሚባለውን፣ መላክ የሚያቆምበት ቀን ነው። ይህ ቀን በካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ነጋዴው ጠይቆ ሊረዳው ይገባል።

ማሻሻያ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ለስልኩ አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት የሚጨምር ነው። ሁለተኛው የደኅንነት ማሻሻያ ሲሆን፣ ሌባ ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ የሚደፍን ነው። የመጀመሪያው ቢዘገይ የሚቀረው ምቾት ነው፤ የሁለተኛው መዘግየት ግን ጉዳት ያመጣል። ምክንያቱም የቀዳዳው መድፈኛ በወጣ ጊዜ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ወንጀለኛውም ይረዳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሻሻያው ያልደረሰው ስልክ የታወቀ ዒላማ ይሆናል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ስቴጅፍራይት የተባለው ጉድለት መገለጡ ነው። ክፉ አሳቢ ሰው የባለቤቱን ስልክ ቁጥር ብቻ ካወቀ፣ የቪዲዮ መልእክት በመላክ ስልኩን ሊያጠቃ ይችል ነበር። ጉግል ኩባንያ ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በየወሩ ማውጣት ጀመረ።

ታዲያ በየወሩ የሚወጣው ማሻሻያ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማይደርሰው ስለ ምን ነው? አፕል ኩባንያ ስልኩንም ሶፍትዌሩንም ራሱ ስለሚያዘጋጅ በቀጥታ ለባለቤቱ ይልካል። የአንድሮይድ ማሻሻያ ግን ከጉግል ተነሥቶ በስልክ ሠሪው እጅ ያልፋል፤ ከቺፕ ሠሪውም የሚጠበቅ ሥራ ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜም የቴሌኮም ድርጅቱ ይፈትሸዋል። ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ በወደብ፣ በጉምሩክና በመጋዘን ሲያልፍ በየደረጃው እንደሚዘገይ ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው። በዋጋ ርካሽ የሆኑ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይሰለፋሉ።

ነገሩ ለአገራችን ነጋዴ ይልቁንም የሚያሳስበው፣ ቴሌብር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልኩ የገንዘብ ሣጥን ጭምር እየሆነ በመሄዱ ነው። ማሻሻያው በተቋረጠበት ስልክ የሱቅን ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ መቆለፊያው በተበላሸ ካዝና ገንዘብ እንደ ማሳደር ይቆጠራል።

ስለ ዋጋ አንድ ስሌት እንመልከት። አንድ ሠሪ ለሞዴሉ የ4 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገባ እንበል። ብዙ ጊዜ ዘመኑ የሚቆጠረው ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ከወጣ 2 ዓመት የሆነውን ይህን ስልክ በ20,000 ብር የገዛ ሰው የቀረው 2 ዓመት ነው፤ ለዓመቱ 10,000 ብር ከፈለ ማለት ነው። 5 ዓመት የቀረውን ሌላ ስልክ በ25,000 ብር የገዛ ግን ለዓመቱ የከፈለው 5,000 ብር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስልክ በወደብና በመጋዘን 6 ወር ቢቆይ ደግሞ የቀረው ዘመን ወደ 1 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ርካሽ የመሰለው ዕቃ ውድ ሆኖ ተገኘ።

በውጭ አገር ይህ ጉዳይ ወደ ሕግ ገብቷል። በብሪታንያ ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሠሪው የደኅንነት ማሻሻያ የሚሰጥበትን አነስተኛ ዘመን እንዲያስታውቅ ሕጉ ያዛል፤ አስመጪውና አከፋፋዩም የየራሳቸው ግዴታ አለባቸው። በአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 20 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ሠሪው የሚያወጣቸውን ማሻሻያዎች የሞዴሉ ሽያጭ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ተደንግጓል።

አንዳንድ ደንበኞች «ማሻሻያ ስልክ ያዘገያል» በማለት ይሸሻሉ። ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አፕል ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን በማሻሻያ ማዘግየቱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አምኗል፤ ደንበኞችን አስቀድሞ ባለማስታወቁም በ2020 በፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ለደንበኛ ግልጽ የመሆንን አስፈላጊነት ነው እንጂ የደኅንነት ማሻሻያን መተውን አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴው የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ. አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሞዴሉ መቼ እንደ ወጣና ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይጠይቅ።

2ኛ. ዘመኑ አጭር የሆነውን ዕቃ በብዛት አያከማች፤ ያለውንም አስቀድሞ ይሽጥ።

3ኛ. ባለሱቁ ስልኩን ከመሸጡ በፊት በማስተካከያው ክፍል የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ተመልክቶ ለገዢው ያሳይ።

4ኛ. ገዢው አስፈላጊ ሰነዶቹን ቅጂ አስቀርቶ፣ ባትሪውን ሞልቶ፣ በዋይፋይ እንዲያሻሽል ይምከር።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል። ደንበኛው የሸጥንለት ስልክ በዓመቱ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆንበት የሚወቅሰው ሩቅ ያለውን ሠሪ ሳይሆን በቅርብ ያለውን ባለሱቅ ነውና፣ የማብቂያውን ቀን ማወቅና ለገዢው መንገር የነጋዴው መልካም ስም መጠበቂያ ነው።